ያዘመመው ፊደል

ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም በታች
ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዙት መሪጌታ ገብረ ማርያም ናቸው። ቃሉ የእኔ ነው። የእኔ እጅ እርፍ እንጂ ብዕር ይዞ አያውቅም፤ ይህንንም የምናገረው አፍሬበት አይደለም። መሪጌታ የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ልጄንም ጽሕፈት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል እንዳይጨምሩ፣ አንድ ቃል እንዳያስቀሩ በያዙት መስቀል ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ፊታቸው ጠቁሯል። ይጥቆር።

ይድረስ ለልጄ ሚስት።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እህል ይበላልሻል? እንቅልፍስ? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ገብሱ ጎተራ ገብቷል። ስንዴው ገና አውድማ ላይ ነው። ዘንድሮ ውርጭ አልነካንም፤ ባቄላው ብቻ ተበላሸ።

የልጄ እናትም ደኅና ናት። እጇ ግን ተፈትቷል። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ዳቦ ትጋግራለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ተሸክማ ሄዳ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ሁሉ ታድላለች። ምንድን ነው ብላት አቦን ይዣለሁ ትለኛለች። የቤታችን ጽዋ በሃያ አንድ ለማርያም ነው፤ ከአያቶቿ ጀምሮ ሌላ አልነበረም። አቦን ከያዘች ሁለት ዓመት አልፏታል። ጎተራውን ጨረሰችው። ሴት ስታረጅ ጻድቅ ታበዛለች ብዬ ትቻታለሁ።

ስምሽን አላውቀውም። መሪጌታ ያውቁታል፤ እንዳይነግሩኝ ያልኳቸው እኔው ነኝ። ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ነገሩን አላዞርብሽም። ልጄ ተሻገር መሞቱን ዐውቄአለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በእሱ ስም የመጡትን አምስት ደብዳቤዎች የላክሻቸው አንቺ መሆንሽንም ዐውቄአለሁ። አልተቆጣሁም። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጄን ማልቀስ እፈልጋለሁ። ፍትሐቱን በአደባባይ ማስፈታት፣ ተዝካሩን ማውጣት፣ አገሬው ደጄ ላይ ተቀምጦ ስሙን ሲጠራው መስማት እፈልጋለሁ። እናቱ ግን አታውቅም። እሷ ካላወቀች በዚህ ቤት ለቅሶ አይቆምም። ካወቀች ደግሞ የምትተርፍ አይመስለኝም፤ ያለ እሱ ልጅ የላትም። ከታኅሣሥ ጀምሮ በዚህ መሀል ቆሜአለሁ።

አሁን ጓዳ እየፈጨች ነው። መሪጌታንም የጠራኋቸው ወፍጮው ሲጀምር ነው። ድንጋይ ሲያጓራ የሰው ቃል አይሰማም።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ፤ ያልተማረ ሰው ይታለላል ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። አላነበውም፤ አየዋለሁ። ደጅ አውጥቼ ብርሃን ላይ እይዘዋለሁ፣ በጣቴ እዳስሰዋለሁ፣ ከዚያ ነው ለመሪጌታ የምሰጠው። ሚስቴ፣ ገልብጠህ እኮ ነው የያዝከው ጅሉ፣ እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷም አታነብ! አሁን አሁን መሳቁን ትታለች፤ ደብዳቤ ሳወጣ ወደ ጓዳ ዞር ትላለች። ያም ሆነ ይህ የልጄን እጅ ከሺህ እጅ መሀል እለየዋለሁ። ምክንያቱም ያን እጅ ያበጀሁት እኔ ነኝ።

ጣቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ነግሮሽ ይሆናል። አልነገረሽም ይሆናል፤ ሰው አያማም ነበር።

ሰባት ዓመቱ ነበር። የገብስ አጨዳ ነው። ነዶ ሊያነሣ ከፊቴ ገባና ማጭዴ ሌባ ጣቱን ከሥሩ አገኘው። ጣቱ አልወደቀም፤ የተበጠሰው ጅማቱ ነው። ቁስሉ ሲድን ጣቱ እንደ ችካል ቀጥ ብሎ ቀረ። አለ፤ ግን አይታጠፍም። ያን ቀን ልጁ አላለቀሰም። እኔም ይቅር በለኝ አላልኩትም። በእኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። ለምን ከፊቴ ገባህ ብዬ ነው የጮህኩበት።

ኋላ ቤተ ልሔም ደብር ገብቶ ከመሪጌታ ዘንድ ቁም ጽሕፈት ሲማር፣ የመቃ ብዕሩን በአውራ ጣቱና በመሀል ጣቱ ያዘ። ሌባ ጣቱ አየር ላይ ተቀስሮ ይቀራል። ፊደሉ ሁሉ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ነፋስ እንደነካው ገብስ። እግሩም መጨረሻው ላይ ወጣ ይላል፣ ሊራመድ እንደተነሣ ሰው። መሪጌታ ሁለት ክረምት ቀጡት። ፊደል እንደ ካህን ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚያመሰግን፤ ያንተ ከጠላ ቤት የወጣ ይመስላል ይሉት ነበር። አዎ ብለዋል። ይጻፉት እንጂ መሪጌታ፣ ምን ያዩኛል?

ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ አንድ ዳዊት ጽፎ ጨረሰ። ዓመት ፈጀበት። ወስዶ ለአንድ ደብር አለቃ አሳየ። አለቃው አገላብጠው አይተው፣ እጅህ መልካም ነው ልጄ፣ ግን ያዘመመ ዳዊት ይዘን ማኅሌት ብንቆም እኛም እንዘማለን ብለው መለሱለት። ካህናቱ ሳቁ አሉ። በዚያው ሳምንት ነው አዲስ አበባ ብሎ የተነሣው። እንግዲህ ተከተይኝ፦ ማጭዱ ጣቱን ወሰደ፣ ጣቱ ፊደሉን ወሰደ፣ ፊደሉ ልጁን ወሰደ። የሌላ ሰው እጅ የለበትም። የእኔ ነው።

አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ገባ። በዚያው አንቺን አገኘ፤ ወረቀት የምታጥፍ፣ መጽሐፍ የምትጠርዝ ልጅ ናት ብሎ ጻፈ። አገባሁ ብሎም ጻፈ። ሽማግሌ አልተላከ፣ እኔ አልተጠየቅሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ አልሰማሁ፤ አገባሁ! ልቤ ደነደነ። ከዚያ ወዲህ በመጣው ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቴ እገሊት እጅ ትነሣለች የምትል መስመር ነበረች። መሪጌታ እዚያ ሲደርሱ ይዝለሏት እላቸዋለሁ። ይዘሏታል። ስምሽ ያለው በዚያችው መስመር ላይ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ዘለልኩሽ። ስምሽን የማላውቀው ለዚህ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ እጄን እርሳስ ሊያደርጉት ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ደነገጥኩ። ሌላውንም ጣቱን ሊቆርጡት ነው አልኩ። መሪጌታ ዳግመኛ አንብበው አስረዱኝ። የማተሚያ ቤቱ ሹም፣ ፈረንጅ ነው አሉ፣ ልጄ በወረቀት ጥግ ላይ የሞነጫጨረውን አይቶ ቆመ። ይህን የጻፈው ማነው አለ። ከዚያ ፊደሉን ከነሰባት ቤቱ፣ አኃዙንም ጭምር፣ በትልልቅ ወረቀት እንዲጽፍለት አዘዘው። ክረምቱን ሙሉ ጻፈ። ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ ጥይት በሚሠራበት በዚያ እርሳስ ተቀርጾ፣ ፊደል ፊደሉ ተለይቶ በሣጥን ተመለሰ። አሁን እኔ ብተኛም እጄ ይጽፋል ብሎ ጻፈልኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄአለሁ።

ለምን ያንተን ዘማማ መረጡት ብዬ አስጻፍኩ። መልሱን መሪጌታ ሦስት ጊዜ አንብበውልኛልና በቃሌ ይዤዋለሁ። ቀጥ ያለው ፊደል አዋጅ ይነግራል፤ ለነጋሪት፣ ለሕግ፣ ለመጽሐፍ እሱ ይሆናል። የእኔ ለብዙ ገጽ አይሆንም፤ ሲበዛ ዓይን ያደክማል። ለጥቂት ቃል ነው፤ ለሠርግ ጥሪ፣ ለምስጋና፣ ለእንኳን አደረሳችሁ፣ ለሐዘን። ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎ ክንድህን ይዞ የሚነግርህ ይመስላል ብለው ነው አባቴ፤ ይላል። መሪጌታ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። በአለንጋ ሊያቀኑት ሁለት ክረምት የደከሙበትን ዘመማ ፈረንጅ በሣጥን ቆልፎ አስቀመጠው። እኔማ በጽዋ ማኅበር ላይ ተነሥቼ፣ ያን ዘመማ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ፎከርኩ። ሳቁብኝ። ታፈረ ዛሬስ በማጭድ ሊቀ ሊቃውንት ሆነ አሉ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ያንቺ አምስቱ የመጡት።

አጫጭር ናቸው። ጤና ነኝ፣ እናንተስ፣ ዝናቡ እንዴት ነው ይላሉ። በአንደኛው ቦራ እንዴት ነው፣ አሁንም አጥር ይሰብራል ወይ ይላል። ቦራ በሬዬ ነበር። ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጄ ቆዳውን አብሮኝ ገፏል። ከተማ ሰውን ያስረሳዋል ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ያቺ መስመር ነች። መሪጌታ አንብበው ወረቀቱን ሲያጥፉ፣ ዛሬስ ዘለሏት ወይ አልኳቸው። የለችም አሉኝ። በሚቀጥለውም የለችም። ተጣልተው ይሆናል አልኩ። ደስ አለኝ ብልሽ ይሻላል፤ እውነቱ እሱ ነውና።

እንዲህ ሆኖ ታኅሣሥ ደረሰ። እስቴ ያለችው እህቴ ካሣነሽ በወሰን ተካስሳ፣ መካነ ኢየሱስ መጥተህ መስክርልኝ አለችኝ። ሄድኩ። ተራዬን ስጠብቅ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አየሁ። ጥግ ጥጉ ወርቅ የተቀባ፣ ከአዲስ አበባ ለአንድ ሹም የመጣ የሠርግ ጥሪ ነው። ከበሩ ሆኜ ነው ያየሁት። ዘሞ፣ እግሩን አውጥቶ፣ ሊራመድ ተነሥቶ።

ይህን የጻፈው ልጄ ነው አልኩ፤ በችሎቱ ፊት፣ ጮክ ብዬ።

ጸሐፊው ፈንታ የሚባል ጎረምሳ ነው። አባባ፣ ማንበብ ይችላሉ እንዴ አለኝ። አልችልም፤ ልጄን ግን ዐውቀዋለሁ አልኩት። ሳቀ። የተቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ። ይሄ እኮ የሰው እጅ አይደለም አባባ፣ መኪና ነው ያተመው አለኝ። አልቀበልም ስለው ሌላ ወረቀት አወጣ፤ ለሁለተኛ ተጋባዥ የመጣ ነው። አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘልኝ። ፊደሉ በፊደሉ ላይ ተኛ። ጠጕር ያህል አልተዛነፈም።

የሳቁት አልከበደኝም። በስተርጅና ያልተሳቀበት ሰው የለም። እኔን ያቆመኝ ሌላ ነው። ያ ወረቀት ከቤቴ ካሉት ከአምስቱ ጋር አንድ ነበር። ተቀብዬ ስዳስሰው ጣቴ ነው ያወቀው፤ ፊደሉ እንደ አምስቱ ወረቀቱ ውስጥ ሰምጧል።

ምስክርነቴን ሰጥቼ ተመለስኩ። ምን ብዬ እንደመሰከርኩ አላስታውስም። ካሣነሽ ረትታለች አሉ።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዎቹን ከኮሮጆው አወጣሁ። አውድማው ላይ፣ ገለባ በሌለበት ጥግ፣ በድንጋይ እየጫንኩ ደረደርኳቸው። የድሮዎቹን በአንድ ወገን፣ አምስቱን በሌላ። ባለ ሁለት እግሩን ፊደል ፈለግሁ፤ መሪጌታ ለ ነው የሚባለው ይሉኛል። በድሮዎቹ ላይ አንዱ ለ ከሌላው ለ አይገጥምም። ቀለም እንደነከረ ይወፍራል፣ ሲደርቅበት ይቀጥናል፤ ማለዳ ሲጽፍ እግሩን ይወረውራል፣ ሲደክመው ይሰበስበዋል። በአምስቱ ላይ ግን ሁሉም አንድ ነው። አርባ ስምንት ቆጥሬ ተውኩት። እኔ አምሳ ዓመት አርሻለሁ። ከአንድ ሞፈርና ከአንድ ጥማድ በሬ የወጣ ሁለት ትልም እኩል ሆኖ አይቼ አላውቅም። የሚተነፍስ እጅ እኩል አይሠራም።

ይህም ሆኖ፣ በሕይወት ያለ ሰውም ደብዳቤውን ያሳትማል ብዬ ለራሴ ተሟገትኩ። ያልለቀቀችኝ ያቺ የቀረችው መስመር ነች። አራት ዓመት አንድ ጊዜ ሳይዘነጋት የኖረ ሰው፣ ሚስቱን ከሰላምታ የሚያስቀራት መቼ ነው? የምትጽፈው እሷው ስትሆን ነው። ሰው ራሱን እጅ አይነሣም።

መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ብራና ወጥረው ይፍቁ ነበር። መቼ ሞተ አልኳቸው። ሞቷል ወይ አላልኩም። መፋቂያውን አስቀመጡ። ጥቅምት አምስት ቀን፣ አምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በሳንባው ዐሥራ ሁለት ቀን ታሞ አሉኝ።

ሌላውንም ያን ጊዜ ነገሩኝ። አንቺ በራስሽ እጅ መርዶውን ለእሳቸው ጽፈሽ ኖሯል፤ እንደ ወጉ በሚመች ቀን ይንገሩልኝ ብለሽ። በዚያ ጥቅምት የልጄ እናት በተስቦ ተኝታ ነበር፤ ለታመመ መርዶ አይነገርም፣ ቆዩ። እሷ ስትነሣ እኔ ወደቅሁ፣ ቆዩ። አውድማው ይግባ፣ ጾሙ ይውጣ፣ ዘሩ ይዘራ እያሉ ቆዩ። እኔ ደግሞ ደብዳቤ ለምን ቀረ እያልኩ በየሰንበቱ እነዘንዛቸው ነበር። ቢጨንቃቸው ወደ አንቺ ጻፉ፤ ሽማግሌው ፊደሉን ሳያይ አያምንም አሉሽ። አንቺም ከዚያ ሣጥን ውስጥ የባልሽን ፊደል አንድ አንድ እየለቀምሽ ደረደርሽ። ያን ሳስበው ነው የምቆመው። የሞተ ባል እጅ፣ አንድ አንድ ተለቅሞ።

መርዶ ማቆየትን አልነቅፍም። ወጋችን ነው። እኔም በሰው ደጅ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ከሽማግሎች ጋር ቆሜ መርዶ ተናግሬአለሁ፤ ያቆየሁትም አለ። ግን መርዶ የሚቆየው ሰው እስኪያገግም ነው፤ እስኪያረጅ አይደለም። ይህን ለመሪጌታ ነግሬአቸዋለሁ፤ አሁንም እየጻፉት ነው። ለሌላ ሰው ነግረዋል ወይ ብዬም ጠየቅኋቸው። ታፈረ፣ እኔ የነፍስ አባት ነኝ፣ እንዲህ ያለውን አትጠይቀኝ አሉ። ተውኳቸው። እዚህ ላይ ብዕራቸው ቆሟል። ይጻፉ አልኩ።

አላለቀስኩም። ዕንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። በማግሥቱ አውድማ ወጥቼ አበራየሁ። እህሉ ተለየ፣ ገለባው ተከመረ። ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ። ምሳ ሲመጣ እበላለሁ፣ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ሌሊትም እተኛለሁ፤ ያልተኛሁ እንዳይመስልሽ። ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ልጄ ጣት ሆኗል። አለ፤ ግን አይታጠፍም። ደጄ ላይ ለቅሶ ቢቆም፣ አልቃሽ ግጥም ብታወርድ፣ ያን ጊዜ ይታጠፍ ይሆናል ብዬ ነው ለቅሶውን የምሻው። ለእሱ ነፍስ ነው ብል ግማሹን ዋሸሁሽ።

እናቱን ሳልገድል ልጄን የማለቅስበት መንገድ ስፈልግ ሰንብቼ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ አድምጭኝ። ስድስተኛ ደብዳቤ በእርሳሱ አትሚ። መንኵሻለሁ፣ ዓለሙን ትቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልጽፍም በዪ። ሰው ሲመነኵስ ለዓለም ሞቷልና ፍትሐት ይፈታለታል። እኔም ልጄ መነኰሰ ብዬ ካህናቱን እጠራለሁ፣ እደግሳለሁ፣ አገሬው ይመጣል። እናቱም ታለቅሳለች፤ የሕያው ልቅሶ ግን አይገድልም። ሁሉም የድርሻውን ያገኛል።

ይህን ስል መሪጌታ ብዕሩን አስቀመጡ። ይህንንስ አልጽፍም አሉ። ለምን አልኳቸው። እሷን ምን አደረግካት አሉኝ። ማንን ብላቸው፣ ሚስቱን አሉኝ። ትቷት መነኰሰ ካልክ የተፈታች ሴት ትሆናለች፤ እሷ ግን ባሏን ዐሥራ ሁለት ቀን አስታማ፣ በእጇ ገንዛ የቀበረች ናት አሉ።

እስኪ ቆዩ አልኳቸው።

እውነታቸውን ነው። ያቺን መስመር ዳግመኛ ልዘላት ነበር። ዘዴውን ትቼዋለሁ። የተናገርኩትን ግን እንዳይሰርዙት አልኳቸው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ዐውቀሽ ነው መምጣት ያለብሽ።

እንግዲህ ተንኰል አለቀብኝ። የቀረኝ መርዶው ነው። ሌላ ሽማግሌ አልጠራም፤ እኔው በቂ ሽማግሌ ነኝ። እነግራታለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ እስካሁን ለባዕድ እንጂ ለቤቴ ነግሬ አላውቅም።

አንቺን የምለምንሽ ይኸውልሽ። በእኛ አገር ተዝካር በቃል ነው የሚጠራ፤ ወረቀት አያውቅም። ግን በልጄ እጅ የስንቱ ባዕድ ሠርግ ተጠርቶበታል። የራሱም ይጠራበት። አምሳ ወረቀት አትሚልኝ። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት አምስት ይሁን። ከላይ የክርስትና ስሙን ኃይለ ሚካኤልን አኑሪ። ከሥሩ ጠሪዋ ባለቤቱ እገሊት ብለሽ ስምሽን፣ በእሱ ፊደል፣ ሳታሳንሺ አትሚው። ወረቀቱ ሲደርሰኝ መሪጌታን ያንብቡልኝ እላለሁ፤ ምንም እንዳይዘሉ። ያን ጊዜ ስምሽን እሰማለሁ። እዚያ ማን ያነባል አትበዪ። እኔው ከቤት ቤት እየዞርኩ አሳያቸዋለሁ። ዘመማውን አይተው ይመጣሉ።

አንቺም ነይ። አውቶቡስ እስከ ደብረ ታቦር ያመጣሻል። ከዚያ በቅሎ ይዤ እኔው እጠብቅሻለሁ። የምታውቂው ሰው ብታጪ፣ በርኖስ የለበሰ፣ የማይስቅ ሽማግሌ ፈልጊ። ቦራን ስለጠየቅሽልኝም እግዜር ይስጥልኝ። እኔን ለማታለል አልነበረም፤ ስለ በሬዬ ሳይቀር ሲያወራሽ የኖረ መሆኑን ነው የነገርሽኝ።

ቤተ ልሔም ያለችው እመቤት ትጠብቅሽ። ያስታመመ እጅሽን አይመመው። ያለቀብሽ እንጀራ ይሙላልሽ። ቀሪ ዘመንሽን ሰው የማይዘልሽ ያድርግሽ።

ፊርማ የለኝም። ሌባ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከዚህ በታች አሳርፌአለሁ። የእኔው ይታጠፋል።

አማትሽ።

ወፍጮው ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቅሁም። ከጓዳው መጋረጃ ሥር እግሯ ይታየኛል።

በሉ መሪጌታ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው።